የኮረብታው ቤት አራተኛ እንግዳ

በሰፈሩ «እማማ ቆይ» ነው የሚሏት። ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው። ዝናብ ቢዘገይ፣ ሹም ቢከፋ፣ ጎረቤት ተጣልቶ እያለቃቀሰ ቢመጣ መልሷ አንድ ነው፤ «ቆይ»። ቃሏን ደግሞ ከሜዳ አላነሳቻትም። ወደቡንና ከተማውን ቁልቁል የሚያየው ኮረብታ ላይ ያለው ቤት የአባቷ ነው፤ ታዲያ ጦር ይዞ የመጣ ኃያል ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ በመርከብ ሲመጡ እሷ ገና ፍራሽ መስፋት የምትማር ልጅ ነበረች። የዓለምን እኩሌታ ይዘናል ባዮች ናቸው። ቤቱን ለመኮንኖቻቸው ወስደው ቤተሰቡን ከኮረብታው ግርጌ ወዳለች አንዲት የኪራይ ክፍል አወረዱት። አባቷ በዚያች ክፍል መስኮት የገዛ ጣሪያውን እያየ ሞተ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ሁለተኞቹ የመጡት እነዚያ በጠረጉት መንገድ ነው፤ ታንካቸው አጥሩን ሳይቀር ደረመሰው። ሦስተኞቹ ሰማዩም የእኛ ነው የሚሉ ባለ አውሮፕላኖች ነበሩ። ሁሉም «ለዘላለም» ይሉ ነበር። ሁሉም ግን ማታ መተኛት አለባቸውና ፍራሽ የሚያሰፉት ከእሷ ዘንድ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት ብረት ይባል የለ? እሷ ይህን በፍራሽ አየችው። የመጡ ሰሞን ጨርቁ አዲስ፣ ጥጡ ንጹሕ፣ ውፍረቱ ክንድ ይሁን ይላሉ። ሲሰነብቱ የተጨፈለቀውን ያመጡና «ይሄንኑ አባዝተሽ መልሺው» ይላሉ። በመጨረሻ አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ሹም አንገቱን ደፍቶ «ገለባ ቀላቅዪበት» ያላት ቀን፣ እሷ ኪራይ ክፍሏ ገብታ መጥረጊያ ታዘጋጃለች። ሙያ በልብ ነውና ለማንም አትናገርም። ብዙም ሳይቆይ ኃያላኑ ጓዛቸውን ጠቅልለው ውልቅ ይላሉ፤ እማማ ቆይም ቤቷ ገብታ፣ የጥይት ቀለሁን ከግቢው ጠርጋ፣ ጥጧን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ሦስት ጊዜ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰች።

ከዚያ ዘመን ተገለበጠና አገሪቱ ራሷ ቀና አለች። መርከቡ የራሷ፣ መድፉ የራሷ ሆነ፤ ትናንት የናቋት ጎረቤቶቿ ዛሬ ስሟ ሲጠራ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የእማማ ቆይ አንድ ልጅ ደግሞ በዚያ ጦር ውስጥ ሻለቃ ሆነ። ማዕረጉን ትከሻው ላይ አድርጎ በመንገድ ሲያልፍ ያየች ቀን ልቧ ቅቤ ጠጣ። ባትኮራ ነበር የሚገርመው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ፍራሽ ስትጠቀጥቅ ልጇ መጣ። ሁለት መኮንኖች በር ላይ ቀሩ።

«እማዬ፣ ኮረብታው ያስፈልገናል» አላት። «ራዳር ሊተከልበት ነው።»

«እኔስ?»

«ከታች አዲስ ቤት ተዘጋጅቶልሻል፤ ውኃው፣ መብራቱ ሳይቀር። የጦሩ ፍራሽ ደግሞ በሙሉ ባንቺ እጅ ነው የሚሰፋው። አዲስ ጨርቅ፣ ንጹሕ ጥጥ።»

«እነዚያም ሲመጡ እንዲሁ ነበር ያሉኝ» አለችና ሳቀች።

«እኛን ከነሱ ጋር አታወዳድሪን እንጂ። እነሱ ባዳ ነበሩ፣ ወደቁ። እኛ ያንቺው ነን። ዕድሜ ልክሽን ቆይ ስትዪ ኖረሽ፣ ይኸው ቀናችን መጣ።»

ወስፌዋን ፍራሹ ላይ ሰካችው።

«ልጄ፣ ሰው ዝም ብዬ የቆየሁ ይመስለዋል። አልቆየሁም። አባቴ እታች ከሞተ ጀምሮ እነዚያን ሦስቱን፣ ተንበርክኬ ‹ጣላቸው፣ በትናቸው› እያልኩ ነው የጠበቅኋቸው። ቤቴን የወሰደ ሰው ሲገጥመኝ ሌላ ነገር አላውቅም፤ ሳልፈልግም ከአፌ ይወጣል። አሁን ያን ጸሎት ባንተ ላይ ልጀምረው?»

ሻለቃው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ገና አፉ ያልተሰፋው ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ቁልቁልም አያቱ የሞተባትን ክፍል አየ። በኋላ ተነሣና ወደ በሩ ሄደ።

«ሌላ ቦታ እንፈልጋለን» አላቸው መኮንኖቹን።

«ለበላዮቻችን ምን እንበል?»

«የቤቱ ባለቤት አለች በሏቸው» አለ።