መርፌ ስምንት ኪሎ እንድትቀንስ ታዘዘች

ሰፈሩ ልብስ ሰፊዋን «መርፌ» የሚላት ወፍራም ስለሆነች ለማላገጥ ነው። የሰፈሩን አፍ ብትሰፋው ደግ ነበር! ለታናሽ እህቷ ኩላሊቷን ልትሰጥ ስትመረመር ሐኪሙ፣ «መጀመሪያ ስምንት ኪሎ ቀንሺ፤ ሳትራቢ፣ ቀስ ብለሽ» አላት። ቀስ ብለሽ! የእህቷ በሽታ ቀስ የሚል ይመስል።

ታዘዘች። ስኳርና ዘይት ቀነሰች፣ ሱቋ ድረስ በእግሯ ተመላለሰች፣ በየቅዳሜው ወገቧን በሥራ ሜትሯ ለካች። በሁለት ወር፣ ሐኪም ቤት ነርሷ መጀመሪያ ከለካችው ላይ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ጎደለላት። ሐኪም ቤት ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን የቀነሰችው ሦስት ኪሎ ብቻ ሆነ።

ነርሷ የራሷን ሜትርና የልብስ ሰፊዋን ሜትር አስተያየቻቸው። «እትዬ፣ የእርስዎ እኮ ተለጥጧል!»

አሥራ አምስት ዓመት በደንበኛ ወገብ ላይ ሲጎተት የኖረ ሜትር ነው። በእሱ ለክታ በእሱ ስለምትቆርጥ ልብሱ ልክ ይመጣል፤ ስህተቱን በምን ትወቀው?

እህቷ እዚያው ፎቅ ላይ፣ ደሟን ከሚያጣራው ማሽን አጠገብ ተኝታለች። «እታለም፣ ዛሬ ደረጃውን ሳታለከልኪ ወጣሽ እኮ! ተመስገን በዪ።»

«ለራሴ ብዬ ነው እንዴ የምቀንሰው?»

«ለማንም ይሁን። በዪ አልኩሽ!»

«ተመስገን» አለች። ምን ታድርግ? ሥጋ ተለምኖ አይወርድ፣ ተሰድቦ አይወርድ። አምስት ኪሎ ይቀራል፤ እህቷ እስከዚያ ትቆይ እንደሆነ ሐኪሙም አልነገራት። የእህቷን ያበጠ እጅ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።