ጉጉትና የገብስ ዛላ

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዳላስ ውስጥ አሮጌ ሳንቲም በሚሸጥ ሱቅ እሠራ ነበር። ሴት ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች፤ ከዳላስ ወጣ ብላ ሜስኪት ከተማ ያለችው አፓርታማችን ገንፎና ቅቤ ሸተተች። እኔን ጎንበስ ቀና ብላ ተንከባከበችኝ። ሕፃኗን ግን ታጥባታለች፣ ትጠቀልላታለች እንጂ ስማት አታውቅም። ምክንያቱን ከአክስቴ ሰምቻለሁ፤ እኔ ሳልወለድ የመጀመሪያ ልጇ በጨቅላነቷ ሞታባታለች፤ በዋዜማው ጣሪያው ላይ ጉጉት ጮኻ ነበር አሉ። እናቴ ራሷ ስለዚያች ልጅ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳትም።

አንድ ቅዳሜ አለቃዬ፣ ደግ ሽማግሌ፣ ሕፃኗን ሊያዩ መጡ። ገንፎውን ዳር ዳሩን እየበሉ ጨረሱና ከኪሳቸው የጥንት ግሪኮች የብር ሳንቲም አውጥተው እናቴ መዳፍ ላይ አኖሩ። ክው አልኩ። የአቴና ከተማ ሳንቲም ነው፤ ላዩ ላይ የተቀረጸችው ጉጉት ዓይኗን አፍጥጣለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማለቴ... ሲምቦል ነው እማዬ። ለግሪኮች የጥበብ ምልክት ናት። ሪላክስ አድርጊ!»

«ጥበቧ ለራሷ ይሁን! አራስ ቤት ጉጉት? አውጪልኝ!» ሳንቲሙን ከመዳፏ አራገፈችው።

አፈርኩም፣ ተናደድኩም። ሰው ስጦታ ይዞ መጥቶ እንዲህ ይባላል? ቢሆንም መዋሸቱን አልቻልኩበትም፤ የእህቴን ነገር ሳይቀር ነገርኳቸው። ሽማግሌው አልተቀየሙም። ጉጉቷን ኪሳቸው ከተው ወጡና ከመኪናቸው የሳንቲም ሳጥን ይዘው ተመለሱ፤ ግሬፕቫይን ከተማ ከነበረ የሳንቲም ትርዒት መምጣታቸው ነበር። «ራሳቸው ይምረጡ» አሉኝ።

እናቴ ገበያ የወጣች ይመስል ሳጥኑ ፊት ተሰየመች። ኤሊ የተቀረጸባትን «ልጅቷ ዳዴ ስትል ትቅር?» ብላ ገፋቻት። አንበሳ ያለበትንም አልወደደችውም። ከዚያ ጣቷ አንዱ ላይ ቆመ።

«ገብስ!»

እውነትም የገብስ ዛላ ነው። ደቡብ ጣሊያን የሰፈሩ ግሪኮች በእርሻቸው ኮርተው የቀረጹት ምልክት ነው።

«የእህል ንጉሥ! እነሱም ያውቁታል ለካ። ስንት ዘመኑ ነው?»

«ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፣ እማዬ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን አፈር ውስጥ ከርሞ አልጠፋም?»

«አልጠፋም።»

ሳንቲሙን እንደጨበጠች ሕፃኗን አነሳቻት። ግንባሯን ሳመቻት፤ ደግማ ደጋግማ ሳመቻት። «እንግዲህ አንቺም ክረሚልኝ» አለቻት። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ሽማግሌውም ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እናቴ ቀና ሳትል የልጄን ጸጉር እየዳበሰች፣ «የእህትሽም ጸጉር እንዲህ ዞማ ነበር» አለችኝ።