በሩን ክፈችልኝ

በክፍሉ ውስጥ አራት ነበርን፤ የታመመችው ጎረቤቴ አልጋው ላይ፣ ልጇ መስኮቱ ጋ፣ የልጅ ልጇ ስልኳን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ። ከአገራችን ርቀን በምንኖርበት በሬኒየር ቢች ሰፈር ባለው ሕንፃችን የሚለያየን አንድ ግድግዳ ነው። ጎረቤቴ ናይጄሪያ ውስጥ፣ ቤኑዌ ወንዝ ዳር የተወለደች የባቻማ ብሔረሰብ ሰው ናት። ሕመሙ ሲጠናባት እንግሊዝኛው ጠፍቷት በባቻማ ቋንቋ ብቻ መናገር ጀመረች። ያን ቀን አንድ ነገር ደጋግማ ለመነች።

«በሃውሳ ንገሪኝ፣ ማማ። ባቻማ መቼ አስተማርሽኝ?» አለች በሃውሳ ያደገችው ልጇ።

«ዋይፋይ ፈልጋ ይሆናላ» አለች ትንሿ።

እንዲህ ያለ ልመና ከዚያ በፊት ሰምቻለሁ። ጭልጋ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ ፌጦ ፌጦ በሚሸተው ጨለማ ቤት መደብ ላይ ተኝታ በቅማንትኛ ትለምነኝ ነበር። እናቴ በቅማንትኛ እንዳልመልስ ከልክላኛለች፤ «ትምህርት ቤት መሳቂያ ትሆኛለሽ» ትለኝ ነበር። ከአያቴ ንግግር ግማሹ ገባኝ። በሩን ክፈችልኝ፣ ዛፉን ልየው ትላለች። እሷና ሽማግሌዎቹ የሚጸልዩበት ትልቅ ዛፍ ከደጃችን ፊት ለፊት ነበር።

«አልገባኝም፣ እምዬ» አልኳት በአማርኛ።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ እናቴ።

አያቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ በሩ እንደተዘጋ ሞተች።

ጎረቤቴ አሁንም ያንኑ ማናችንም ያልገባንን ልመና ትደጋግማለች። ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት። ኮሪደሩን አንዴ አየችና ልመናዋን ቀጠለች። ባቻማ የሚሰማ ሰው ልፈልግላት ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።