ነገ የሚሉት አባቴ

የሮቤ ሰው አባቴን በስሙ አይጠራውም። «ነገ» ነው የሚለው። ገበያ ውስጥ «ነገ መጣ»፣ «ነገን አይታችሁታል?» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ትንሽ ሳለሁ የክብር ስም ይመስለኝ ነበር። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አንዷ የክፍሌ ልጅ ትርጉሙን በደንብ አስረዳችኝ፤ እኔም ደብተሯን ቀደድኩባት። ጸባዬ ያኔም እንዲሁ ነበር።

አባቴ የኮምባይነር ደላላ ነው። ስንዴ እያጨደ የሚወቃው ያ ትልቅ መኪና በአጨዳ ሰሞን ከአርሲ በኩል ወደ ባሌ ይወጣል። የሲናና ገበሬ ስንዴ ሁሉ በአንድ ሰሞን ስለሚደርስ ሁሉም መኪናውን ዛሬ ይፈልገዋል፤ መኪናው ግን ጥቂት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚያሳጭድ ከባለመኪናዎቹ ጋር የሚነጋገረው ደላላው ነው። ደላላው ደግሞ አባቴ ነው፤ አባቴ ደግሞ በዕድሜው «አይሆንም» የምትለዋን ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሰው ፊቱ ቆሞ «መቼ ታመጣልኛለህ?» ሲለው የሰውየውን ዓይን ያይና ሆዱ ይባባል። «ነገ ጠዋት» ይላል። ጠያቂው በኦሮምኛ ከጠየቀው «ቦሩ ገነማ» ይላል። በሁለት ቋንቋ ነው ሰው የሚያስጠብቀው። ለአንድ ጠዋት ስድስት ገበሬ ይቀጥራል፤ ስድስቱም ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ እሱም ደስ ብሎት ሻዩን ይጠጣል። በማግስቱ አምስቱ ሊያንቁት ይፈልጉታል።

ሌባ አይደለም። ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ ድሮ ሀብታም እንሆን ነበር።

የባለቤቴ አባት የሲናና ገበሬ ናቸው። ስምንተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት አባቴ እሳቸውን ዘጠኝ ቀን ሙሉ «ነገ ጠዋት» አላቸው። ዘጠኝ ቀን፣ በየጠዋቱ፣ ማሳቸው ዳር ቆመው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። በዘጠነኛው ቀን ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ፤ መጥቶም ሳምንት ተቀመጠ። ስንዴው እንደቆመ ዛላው ላይ በቀለ። ዝናቡ ባባራ በመጀመሪያው የገበያ ቀን፣ ሰውየው ከማሳቸው አንድ እፍኝ ዛላ ይዘው ሮቤ ወጡ፤ አባቴ ከጓደኞቹ ጋር ወደሚቀመጥበት ሻይ ቤት ገቡ፤ ያንን አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣ ስንዴ ከብርጭቆው አጠገብ አስቀመጡለት። «ይኸው፣ ነገህ በቀለ» ብለውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አልተለዋወጡም። ሰውየው ከእፍኙ አንዷን ዛላ አስቀርተው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ እንደሰኳትና ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚያሳዩ በኋላ ሰምቻለሁ።

እኔ ኮሌጅ ጨርሼ እዚያው ሮቤ የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን አንድ ረጅም ልጅ ፀረ አረም ሊገዛ መጣ። የማሳውን ስፋት ጠይቄ አራት ሊትር ያስፈልግሃል አልኩት። አንድ ሊትር ገዝቶ ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ሌላ አንድ ሊትር ገዛ። አራቱ ከሞላለት በኋላም መምጣቱን አልተወም። ስንዴው ሊታጨድ ደርሶ እንኳ መጣ። አሁን ደግሞ ምን የሚረጭ አረም አለህ ብዬ አፈጠጥኩበት። ለሚቀጥለው ዓመት ነው አለኝ፤ ሲናገር ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም ወደድኩት። ምን ላድርግ።

የማን ልጅ እንደሆነ ስጠይቀውና ሲነግረኝ ግን እጄ ላይ የነበረው ካርቶን አመለጠኝ። እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳልነግረው ሁለት ወር አለፈ። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር፤ ደሙ የት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጨክኜ ስነግረው ሳቀብኝ። ከመጀመሪያው ሊትር ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

ሮቤ ውስጥ ወንድና ሴት አብረው ሻይ ከጠጡ ብርጭቆው ሳይታጠብ ወሬው ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ሚኒባስ እየተሳፈርን ጎባ እንሄድ ነበር፤ ጎባ ሌላ አገር ይመስል። ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። አንድ ቅዳሜ እዚያ አንድ ሻይ ቤት ገብተን ቀና ብዬ ሳይ፣ ጥጉ ላይ አባቴ ከአንድ የኮምባይነር ባለቤት ጋር ተቀምጧል። አየኝ፤ አየሁት። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅም አየ፤ መልኩ ቁርጥ አባቱን ነው። ሌላ አባት ቢሆን ይነሳል፣ ይጮኻል። የእኔ አባት ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ሻያችንን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ ግድግዳውን እያየ ስለ ናፍጣ አወራ። አብሮት የነበረው ሰውዬም ግራ ገብቶት ወንበሩን አዞረ። ማታ እራት ላይ ውሃ ላቀብለው ስጠጋ ዝቅ ባለ ድምፅ የልጁ ቁመት ጥሩ እንደሆነ ነገረኝ።

ልጁ በበኩሉ ለአባቱ ተናገረ። አባቱ ከሲናና እስከ ዲንሾ ሴት ጠፍቶ ነው ወይ የነገን ልጅ የምታመጣብኝ ብለው ዛላዋን ከግድግዳው ነቅለው አሳዩት፤ መልሰውም ሰኳት። አምስት ወር አኮረፉ። ልጁ እርሻውን እያረሰ፣ ከብቱን እያየ፣ ከአባቱ ጋር ግን ሳይነጋገር ከረመ። እናቱ በመካከል መልእክት ማመላለስ ሰለቻት። አንድ ቀን ለሁለቱም ምሳ ሳታቀርብ እህቷ ቤት ሄዳ አራት ቀን ቆየች። በአምስተኛው ቀን ሰውየው ለሰለሱ። ሲለሰልሱ ያሉትን ልጁ ሱቅ ድረስ መጥቶ ቃል በቃል ነገረኝ፦

«ሽማግሌ የምልከው አንድ ጊዜ ነው። ያ ሰው ‹ነገ ኑ› ካለ አበቃ። ዘጠኝ ቀን ጠብቄዋለሁ፤ አሥረኛ የለም።»

ደስታዬ ቤት እስክገባ ነው የቆየው። ምክንያቱም በእኛ አገር ደንብ ሽማግሌ በመጣበት ቀን ልጁን የሚሰጥ አባት የለም። ቢፈልግም፣ ቢቸኩልም፣ ልቡ እሺ ቢልም፣ «ቤተሰብ ላማክር፤ በዚህ ቀን ተመለሱ» ማለት አለበት። ያን ካላለ ልጅቱን ሊገላገላት ነው ይባላል፤ ወይ ከዚያ የባሰ ይባላል። እናቴ ይህን ስትሰማ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። በመጀመሪያው ቀን ከሰጠን የአጥር ጎረቤታችን በጣቷ ወር መቁጠር እንደምትጀምር ነገረችን። እውነቷን ነው፤ ሴትዮዋ ቆጥራለች። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው ከሰርጋችን በአሥራ አራተኛው ወር ነው፤ ጣቷ አልበቃ ብሏት ተወችው።

እንግዲህ አስቡት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያለ ቦታዋ ሲናገራት የኖራት ቃል፣ ትክክለኛ መልስ የምትሆንበት አንድ ቀን መጣላት፤ በዚያ ቀን ደግሞ ተከለከለች። እኔ ደግሞ ትዳሬ በአባቴ ምላስ ላይ ተንጠለጠለ። የሮቤን ሰው ጠይቁ፤ በዚያ ምላስ ላይ አንድ ኩንታል ስንዴ እንኳ አያንጠለጥልም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ ተባለ። ከሰኞ ጀምሮ ላለማምደው አሰብኩ። ሰኞ ስጠይቀው ነገ አለኝ። ማክሰኞ ሻዩን ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ሽማግሌ ሆንኩ። ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን መጥተናል አልኩ፣ ድምፄን አጎርንኜ። እሱም ኮስተር ብሎ አላህ ያክብራችሁ፣ እንግዲህ ነገ፣ ብሎ ጀመረ። ጠረጴዛውን መታሁት። እንደገና ሞከርን። በሦስተኛው ዛሬ አለና አፉ ሳይገጠም ወይ ነገ አለ። ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ ትዕግሥቴ አለቀ። የሰው ስንዴ ያበሰበስከው አይበቃም፣ አሁን እኔን ልታበሰብሰኝ ነው አልኩት። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባቴ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ያን ያልኩበትን ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ይቅርታ ለመጠየቅም አልተነሳሁም። ነገ እጠይቀዋለሁ አልኩ።

እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ያመጧቸው የልጁ አባት ናቸው፤ ራሳቸው ፒክአፓቸውን እየነዱ። ግን አልገቡም። ደጃፋችን ላይ መሪ ጨብጠው ቀሩ፤ ሞተሩንም አላጠፉም። ‹ነገ› ከተባለ ሽማግሌዎቻቸውን ጭነው ሊበሩ ነው። አሮጌ መኪና ስለሆነ የሳሎናችን መስኮት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እኔና እናቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆምን። ሻይና ጭኮ ቀረበ፤ ጭኮውን እናቴ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ አርሳ አዘጋጅታዋለች። ሰላምታው በሁለት ቋንቋ፣ ዱዓው በሦስተኛው ተደረገ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ጉዳይ አሳምረው ተናገሩ። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ ወቅት የአባቴን ኮምባይነር ቆመው የጠበቁ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ መልስ መጠበቅ ልምዳቸው ነበር።

አባቴ ምንጣፉን አየ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«እንግዲህ…» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ ወዲያው ከዘራቸውን አነሱ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስከ ሳምንት አልጠፋም።

አባቴ ቀና አለ። «ደጅ ያሉትን ሰው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሞተሩን ያጥፉና ይግቡ በሏቸው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ዛሬ።»

አንዱ ሽማግሌ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ፤ መስኮቱም መንቀጥቀጡን ተወ። የልጁ አባት ገቡ። ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት በሚያመች ቦታ ተቀመጡ። ለዓመታት ከሩቅ ብቻ ነበር የማያቸው፤ ቀረብ ሲሉ የደከሙ ሰው ናቸው።

አባቴ ማንም ሳይጠይቀው እንደገና ተናገረ። «ያን ጊዜ መኪናው እንደማይመጣ በሦስተኛው ቀን አውቄ ነበር» አላቸው። «ፊትዎ ቆሜ አይመጣም ማለት አቃተኝ። አውፍ በሉኝ።»

ሰውየው ጭኮውን አዩ እንጂ እሱን አላዩትም። «በሦስተኛው ቀን ብትነግረኝ ሰው ሰብስቤ በማጭድ አሳጭደው ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

ሌላ ምንም ማስተባበያ አላከለበትም። እኔ አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ መጋረጃውን ገልጬ ወጥቼ ላቅፈው ቃጣኝ፤ እናቴ ነጠላዬን ይዛ አስቀረችኝ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከዘራቸውን ማየት ጀመሩ። ብዙ ቆይቶ የልጁ አባት እጃቸውን ዘረጉና ከጭኮው ቆርሰው ጎረሱ። አኝከው፣ ውጠው፣ አፋቸውን ጠረጉ።

«አውፍ ብያለሁ። በልጆቻችን ተዛምደናል» አሉ። «ስንዴዬን ግን አንተ አታሳጭድም።»

«አላሳጭድም» አለ አባቴ።

ከአባቴ አፍ ‹አል› ብሎ የሚጀምር መልስ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው የልጁ አባት ናቸው፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተከተሉ፤ ቀጥሎ እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ መሆናችንን ረስታ ሳቀች። ሰርጉ ከአጨዳ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ያቺ የበቀለች ዛላ ከግድግዳው ወርዳለች፤ አማቴ ግን አልጣሏትም፤ መሳቢያ ውስጥ ናት። ይቅር ብያለሁ እንጂ ረስቻለሁ አላልኩም ይላሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ብርጭቆ ልሰበስብ ሳሎን ስገባ አባቴ ከተቀመጠበት አልተነሳም። የዓርቡን ይቅርታ አፌ ላይ አድርጌ መጥቼ ነበር። ግን እንደ ልማዴ ፈራሁና በቀልድ ጀመርኩ፤ አልከው አይደል፣ ምላስህ ተሰበረ እንዴ አልኩት።

አልሳቀም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ደጁን፣ መኪናው ቆሞበት የነበረውን ቦታ ያያል።

«እስከ ዛሬ ‹ነገ› ያልኩት ሁሉ ለሰው ብዬ ነው» አለኝ። «ፊቱ እንዳይጠቁር። ለራሴ ብዬ ‹ነገ› ማለት ያማረኝ ዛሬ ብቻ ነው።»

ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ከጓዳ ብርጭቆዎቹን አምጪ እንጂ ብላ ጮኸችብኝ። ነገ አጥባቸዋለሁ አልኩና ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።