የእትዬ አብረኸት ኮሸሽላ

ባለፈው ኅዳር ሳን ሆዜ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ከቢሮ ወጥቼ ፓርኪንግ ውስጥ ነበርኩ። ወራት ሙሉ ደርቆ የከረመው መሬት ውሃ ሲነካው የእርጥብ ጭቃ ሽታ ተነሣ። የመኪናዬን ቁልፍ እንደያዝኩ ሐሳቤ ወዳደግኩበት ኦክላንድ ሄደ፤ እትዬ አብረኸት ጋራዥ ውስጥ።

እትዬ አብረኸት ከእኛ በታች ባለው ቤት የሚኖሩ፣ አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ ሴት ነበሩ። እናቴ የከሰዓት ሺፍት ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ዘንድ ነበር። ጡረታ ሲወጡ የአረጋውያን መዋያው ሲኒየር ሴንተር ውስጥ የሸክላ ክላስ ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ ጋራዡ የመኪና መሆኑ ቀረ። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ የሸክላ ፍሬዎችና እምቡጦች ተደርድረው ይደርቃሉ። መሣሪያቸው አሮጌ ሹካ፣ የሹራብ ኪሮሽና የእርጎ ዕቃ ውስጥ ያለች ስፖንጅ ነበሩ። ማሰሮም ጀበናም ሠርተው አያውቁም። «እሱን ሌላ ሰው ይሥራው። እኔ የሚበቅል ነገር ነው የምፈልገው» ይሉ ነበር።

ከሰዓት ከሰዓት ሰፈራችን አጠገብ ያለው ሐይቅ ዳር እየዞርን የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ የማግኖሊያ ዛፍ ፍሬ፣ ስሙን የማናውቀውን ሁሉ እንለቅም ነበር። አንድም ነገር በዐይኔ ብቻ አይቼ እንዳልፍ አይፈቅዱልኝም።

«መጀመሪያ ንኪው። ምን ይላል?»

«ፕሪክሊ ነው።»

«በአማርኛስ?»

«ይ... ይዋጋል!»

«ጎሽ! እንግዲህ እጅሽ ዐወቀው ማለት ነው።»

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አርቲቾክ የሚሉት አትክልት ተከምሮ አዩ። አንዱን አንሥተው ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና ሣቃቸው መጣ። «ይሄ እኮ ኮሸሽላ ነው! ሰው ኮሸሽላ ይበላል?» ገዝተው ቤት ወሰዱት፤ ግን አልበላነውም። መስኮት ላይ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሐምራዊ ጸጉሩን እስኪያወጣ ጠበቁት፤ ከዚያ እሱን የሚያህል ሳይሆን እኔን የሚያህል የሸክላ ኮሸሽላ ሊሠሩ ተነሡ።

የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው ሥራቸውን አልወደዱላቸውም። አንዷ፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉት፣ ጋራዡ በር ላይ ቆመው «አብረኸት፣ አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ሸክላ ሠሪ ልትሆኚ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። አገር ቤት ሸክላ ሠሪ በምን ዐይን ይታይ እንደነበር የሰባት ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች? የእትዬ አብረኸት ፊት ቅጭም ማለቱን ግን አየሁ። ጭቃውን ሲያሹ ከወትሮው ጠንከር አድርገው ነበር።

ሲኒየር ሴንተሩ ኤግዚቢሽን ሊያደርግ ሲል ኮሸሽላው አለቀ፤ ግን እዚያ ያለው መተኮሻ ምድጃ አልበቃውም። መምህራቸው ሳን ሆዜ ትልቅ ምድጃ ያለው ጓደኛ አገኘላቸው። የእህታቸው ልጅ ዮናስ፣ ወደቡ ላይ ትራክ የሚነዳው፣ በራሱ ፒካፕ ሊያደርሰን መጣ። ገና እርጥበት ያልለቀቀውን ኮሸሽላ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ ወንበር አስቀመጡት፤ ቀበቶም አሰሩለት። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ፍሪዌዩ ላይ ከፊታችን ያለ መኪና ድንገት ቆመ፤ ዮናስም ፍሬን ያዘ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ደርሰን ብርድ ልብሱ ሲገለጥ የአንዱ ትልቅ ቅጠል ጫፍ ወድቋል።

ዮናስ «አክስቴ፣ ሶሪ... በጣም ሶሪ» እያለ ራሱን ያዘ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። እትዬ አብረኸት ስብራቱን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ዳሰሱት፤ ከዚያ ሣቃቸውን ለቀቁት።

«ለመሆኑ አንድም ፍጥረት ያልነከሰው ቅጠል የት አይታችኋል?» ጣታቸውን ውሃ ነክረው የተሰበረውን ጠርዝ አለሰለሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ፣ ንከሺው።»

«የምሬን? ሪል ባይት?»

«እንደ ራበሽ አድርገሽ!»

ነከስኩት። ጭቃው ይቀዘቅዛል፤ ዝናብ ዝናብ ይላል። ያን ሰሞን የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር ንክሻው መሐሉ ላይ ክፍተት ነበረው። እትዬ አብረኸት ራቅ ብለው አዩና «አሁን ሕይወት ዘራ» አሉ።

ደርቆና ቀለም ተቀብቶ ከገባበት ምድጃ ሳይሰነጠቅ ወጣ፤ ታቹ አረንጓዴ፣ አናቱ ሐምራዊ። በኤግዚቢሽኑ ቀን ሰው ሁሉ ከቦት የሚከራከረው ስለዚያች ቅጠል ነበር። አንዱ የሽኮኮ ንክሻ ነው ይላል፣ ሌላው ጥንቸል ነው። እኔ ወላቃዬ እንዳያጋልጠኝ አፌን ገጥሜ ቆሜያለሁ። እትዬ ሙሉም ነጠላቸውን አጣፍተው መጥተው ነበር። ዙሪያውን ዞረው አዩት፤ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ነኩት። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ጠጋ አሉ።

«አብረኸት፣ ክላሱ እኔንም ይቀበለኝ ይሆን?»

«ጥፍርሽን ቁረጪና ነይ» አሏቸው እትዬ አብረኸት፤ ሁለቱም እየተደጋገፉ ሣቁ።

ሃይስኩል ሳለሁ እትዬ አብረኸት ልጃቸው ጋ ሲያትል ሄዱ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እዚያው ዐረፉ። ከመሄዳቸው በፊት የሠሩትን ሁሉ ለጎረቤት አድለው ነበር። ለእኛም አንድ ትልቅ የሸክላ እምቡጥ ደረጃው ሥር መሬቱ ውስጥ ተክለውልን ሄዱ። ወደ ሳን ሆዜ ስንዛወር ልንነቅለው ብንሞክር ሥር የሰደደ ይመስል አልነቀልም ስላለ ተውነው።

ከዝናቡ በኋላ ባለው እሑድ ኦክላንድ ሄጄ በድሮ ሰፈራችን አለፍኩ። የማላውቃት አንዲት ትንሽ ልጅ የድሮ ቤታችን ደረጃ ሥር በፕላስቲክ ኩባያ እምቡጡን ውሃ ታጠጣለች። የመኪናዬን መስታወት ዝቅ አድርጌ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አበባ ነው» አለችኝ በእንግሊዝኛ፤ «ገና አልፈነዳም።»

እጇን ዘርግታ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ኩባያዋን ልትሞላ ወደ ውስጥ ሮጠች።