ሰኚ አፍንጫዋን ያቃናች ጊዜ

ሰኚ ነገራ መቱ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር የፊት መስመር ላይ ቆማ ትዘምር ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደ ኡካ ከተማ ስትሄድ የተሳፈረችበት ባጃጅ ተገለበጠና እጇና አፍንጫዋ ተሰበሩ። ያኔ ሁሉም የተጨነቀው ለእጇ ነው። እጇ ዳነ፤ አፍንጫዋ ግን ወደ ግራ ተጣሞ ቀረ፤ በአንድ በኩል መተንፈስም አቃታት።

ማንም ክፉ አልተናገራትም። እሷ ግን ደንበኛ ስታነጋግር ፊቷን ዘወር ማድረግ ለመደች። ኳየሩ ውስጥም ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መስመር ሸሸች። የሠርግ ፎቶ ሲነሱ የሰው ሕፃን ትታቀፍና በሕፃኑ ትከለላለች።

ከብዙ ማመንታት በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ አፍንጫዋን በቀዶ ሕክምና ልታሠራ እንዳሰበች ለእናቷ ለእትዬ ዋሪቱ ነገረቻቸው። እናትየው ደነገጡ። ጤነኛ ሰው ለመልክ ብሎ ሰውነቱን አያስነካም፣ እግዚአብሔር በሰጠው ማመስገን ነው አሏት።

«እማዬ፣ እግዚአብሔር የሰጠኝ ቀጥ ያለውን ነው። ይሄን የሰጠኝ ባጃጁ ነው» አለቻቸው።

እትዬ ዋሪቱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያ በኋላም አልተከራከሩም።

አዲስ አበባ ያገኘችው ሐኪም ዶክተር ቢኒያም ይባላል። ሰኚ የድሮ ፎቶዋን አሳየችው። አተኩሮ አየውና፣ «ልክ ይሄንኑ መልሼ እሰጥዎታለሁ ብዬ አልዋሽዎትም» አላት። «የተጣመመውን አቃናለሁ፤ የአየር መተላለፊያውንም እከፍታለሁ።»

ከዚያ የሚጠብቃትን ዘረዘረላት። በማደንዘዣ ተኝታ እንደሚሠራላት፣ ስትነቃ ፊቷ እንደሚያብጥና ዐይኖቿ ሥር እንደሚበልዝ፣ ለጊዜው በአፏ እንደምትተነፍስ ነገራት። መናፈጥ የለም፤ ከባድ ዕቃ ማንሳትም የለም። እብጠቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ዓመት ሊሞላው ይችላል፤ አልፎ አልፎም ዳግመኛ መሠራት የሚያስፈልገው ሰው አለ።

«ድምፄስ?» አለች ሰኚ።

ብዙውን ጊዜ ያን ያህል እንደማይለወጥ፣ ዘማሪ ግን ትንሿም ለውጥ ልትሰማት እንደምትችል ነገራት እንጂ አልማለላትም። ሰኚ ወጥታ ግቢው ውስጥ ብዙ ተቀመጠች። ተመልሳ ገብታ ይሁን አለች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አፍንጫዋ ላይ የተደረገው መደገፊያ ሲነሳ መስታወት ሰጧት። ያበጠ፣ ቢጫ የመሰለ፣ የማታውቀው ፊት አየችና አለቀሰች። መቱ ተመልሳ ከቤት ሳትወጣ ሰነበተች። መዝሙር ብትሞክር ድምፅዋ እንስራ ውስጥ የገባ መሰለ። ድምፄን በመልክ ለወጥኩት ብላ እንደገና አለቀሰች።

እትዬ ዋሪቱ «ነግሬሽ ነበር» አላሉም። አጠገቧ ተቀመጡና፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሐኪሙ ይቆያል ብሎሽ የለም? እንጠብቀዋ» አሏት።

መጀመሪያ የተመለሰው ትንፋሿ ነው፤ አንድ ጠዋት አፏን ገጥማ ተኝታ እንዳደረች ገባት። ድምፅዋም ቀስ እያለ ጠራ። አፍንጫዋ ቀንቷል፤ መሐሉ ላይ ግን በጣት ሲዳሰስ የሚገኝ ትንሽ ጉብታ ቀርቷል። ወደ ፊት መስመርም ተመለሰች።

በቅርቡ ከኳየሩ ልጆች አንዷ፣ ጃለኔ፣ ሱቋ መጣች። የጃለኔ አፍንጫ ምንም አልሆነም፤ ስልክ ላይ እንዳየቻቸው ሴቶች ቀጭን እንዲሆንላት ነው የምትፈልገው። ያማል ወይ ብላ ጠየቀች። ሰኚ ከሕመሙ ይልቅ መጠበቁ እንደሚከብድ ነገረቻት።

«እኔ የራሴን ፊት ፍለጋ ነው የሄድኩት» አለቻት። «አንቺ የማንን ነው?»

ሰኚ መልስ እንድትሰጣት አላስጨነቀቻትም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የምትጠይቃትን ሁሉ ሳትደብቅ መለሰችላት።