ፍልፈልና የኮዳ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም፣ ጓሮዬ ውስጥ፣ አንድ የድንች ተክል ዓይኔ እያየ መሬት ገባ። መጀመሪያ ቅጠሉ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከሥር ሰው እንደሚጎትተው ሁሉ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ጥፍት። ባለቤቴ አይታ ጮኸች።

«ፍልፈል ነው! በል ያዘው፤ ሰው ባገኘህ ቁጥር የፍልፈል አዋቂ ነኝ ትል የለ?»

አዋቂስ ነበርኩ። ያዋረደኝም ያው አዋቂነቴ ነው።

ቡሬ አሥረኛ ክፍል ስማር የባዮሎጂ መምህራችን፣ ፍልፈል በሕይወት ቀድሞ ይዞ መጥቶ ኑሮውን ለክፍሉ የሚያስረዳ ተማሪ ባሕር ዳር ለሳይንስ ውድድር እንደሚሄድ ነገሩን። እኔ ጣናን አይቼ አላውቅም። በሕልሜ እንኳን በሚኒባስ ስሄድ ሳልደርስ መንገድ ላይ፣ ዱርቤቴ ላይ ነበር የምነቃው።

ስለ ፍልፈል ደግሞ የሚበልጠኝ አልነበረም። የአክስቴ ባል አያ ይግዛው፣ ከአገው ወገን ናቸው፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ ከደብሩ ጫካ ሥር ያርሱ ነበር። ያላስተማሩኝ የለም። የፊት ጥርሱ ብርቱካንማ ነው፤ ከከንፈሩ ውጭ ስለሆነ አፉን ዘግቶ ይቆፍራል፣ አፈር አይቅምም። («ካንተ ይሻላል፤ አንተ አፍህን ሳትከፍት ምንም አትሠራም» ይሉኝ ነበር።) ዓይኑ የኑግ ፍሬ ታክላለች። ብቸኛ ነው፤ ሌላ ፍልፈል ከገባበት ይናከሳሉ። እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ እዚያው ሥራሥሩን ያከማቻል፣ እዚያው ይጸዳዳል፤ ያ ጉድ ሲብላላ ቤቱን ያሞቅለታል። ነፋስ ግን ጠላቱ ነው።

«ትኩሱን ቁልል ፈልግ» ይሉኝ ነበር አያ ይግዛው። «ከጥልቅ ያወጣው አፈር እርጥብ ነው፣ ይጠቁራል። አሮጌው ይነጣል። ከዚያ ጉድጓዱን ክፈትና ዝም በል። ነፋሱ ሲገባበት ሊደፍን ይመጣል። ያኔ መመለሻውን በመቆፈሪያ ቁረጥበት።»

ይህን ሁሉ ለሙሉቀን ነገርኩት። ከአንድ ዴስክ የማንለይ ጓደኛሞች ነበርን። «አንተ ባሕር ዳር ትሄዳለህ፣ እኔ እስከ መናኸሪያ እሸኝሃለሁ» አለኝ። እኔ መቆፈሪያ ልይዝ፣ እሱ ውሃ ሊይዝ ተስማማን።

ኅዳር ነበር። ጤፉ እየታጨደ፣ መሬቱ እየደረቀ፣ ጧት ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥ። ቅዳሜ ማለዳ ስደርስ ሙሉቀን ቀድሞኝ ከጫካው ጥግ ቆሟል።

«ና፣ ና! አግኝቼልሃለሁ!»

አፈሩ ጥቁር ነው፣ እርጥብ። እንደ አዋቂ ጎንበስ ብዬ «ይኸ የዛሬ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ከፈትኩትና በሆዴ ተኛሁ። እሱ «እኔ ማዶ ያለውን ልጠብቅ» ብሎ ሄደ።

ረፋዱ ላይ የተቀቀለ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ይዞልኝ መጣ። ራሱ ልጦ ነው ያጎረሰኝ። ሚጥሚጣው አንገበገበኝ።

«ውሃ» አልኩት በሹክሹክታ።

ኮዳውን ነቀነቀው። «አልቋል ወንድሜ። ጠማኝና ጠጣሁት።»

«በዚህ ብርድ?»

«ዝም በል እንጂ፣ ይሰማሃል!»

ከቀትር በኋላ ቁልሉ ነጣ። «ፀሐዩ ነው» አልኩ። ከብቶች ሲገቡ ተነሣሁ፤ ሆዴ ላይ የሣሩ ቅርጽ ታትሟል። ሙሉቀን የለም። አሞት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት።

ሰኞ ክፍል ስገባ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ጣሳ አለ፤ ከውስጡ ብርቱካንማ ጥርስ ብቅ ብሏል። ሙሉቀን ከጎኑ ቆሞ ያስረዳል፤ የኑግ ፍሬዋን፣ ነፋሱን፣ ሁሉንም። «ትኩሱን ከአሮጌው የምንለየው በእርጥበቱ ነው» ሲል አንዴ አየኝና ዓይኑን ወደ ጣሳው መለሰ። የኮዳው ውሃ የት እንደገባ ያኔ ገባኝ። አሮጌ ቁልል አጠጥቶ አስተኛኝ፤ እኔው ባስተማርኩት።

«ከየት ተማርከው?» አሉት መምህሩ።

«ከአጎቴ።»

አያ ይግዛውንም ወሰደብኝ። እጄን አወጣሁ። ብዙ የምናገር መስሎኝ ነበር።

«ጥርሱ… ከከንፈሩ ውጭ ነው» አልኩ።

«እሱማ ተባለ!» አሉ መምህሩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቀልደኛ የሆንኩት ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም። ባሕር ዳር እሱ ሄደ። ወደ መናኸሪያ የሸኘው ሰው አልነበርኩም።

አምና አያ ይግዛው ሲያርፉ ሙሉቀን ለቅሶ መጣ፤ ኑሮው ባሕር ዳር ሆኗል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያን ዕለት… ብዙ ጠበቅህ እንዴ?»

«ኧረ ወዲያው ነው የተነሣሁት።»

በረጅሙ ተነፈሰ። የዋሸሁት አዝኜለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ በሆዴ ተኝቼ እንደዋልኩ እንዳያውቅብኝ ነው።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት፣ ቁልሉን ሳገኝ መጀመሪያ ጣቴን ሰደድኩበት። ከሥሩም እርጥብ ነው። ከፈትኩትና በሆዴ ተኛሁ፤ አሁን ሆዴ ስላደገ ከመተኛት ይልቅ መንሳፈፍ ቢባል ይቀላል። ጥቂት ቆይቶ አፈሩ ተነቃነቀ። መጀመሪያ ጥርሱ፣ ከዚያ አቧራ የለበሰ አፍንጫው መጣ። አፈሩን ገፋ፣ ገፋ አድርጎ ጉድጓዱን ፊቴ ላይ ደፈነው። መቆፈሪያው እጄ ላይ እንዳለ ነበር፤ መመለሻውን አልቆረጥኩበትም።

«መጣ?» አለች ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና።

«መጣ» አልኳት። «ትንሽ ዘገየ እንጂ።»